ለፕራግ አጥንቱ፣ ለዲምቱ ወሬው

በየዓመቱ የትምህርቱ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ የሚተሙ አውቶቡሶች አሉ። የትምህርት ቤታቸው ስም የተጻፈበትን ጨርቅ በግንባራቸው አስረው፣ ተማሪና መምህር አጭቀው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ማምሻውን ከተማዪቱ ይገባሉ። በማግሥቱ ሰልፍ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ መስቀል አደባባይ፤ ከአንዱ ቤተ መዘክር ወደ ሌላው። ይህ «ትምህርታዊ ጉብኝት» ይባላል። «ወጣቱ ታሪኩን በዓይኑ ያያል»፣ «ንቃተ ኅሊናው ይዳብራል» እየተባለ በየስብሰባው ሲወደስ፣ በየሪፖርቱም በተከናወነ ተግባር ዓምድ ሲመዘገብ ኖሯል።

እኔ በዚህ ውዳሴ አልስማማም። ለቤተ መዘክሮቻችን ያለብኝ የግል ዕዳ ከባድ ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ። ነገር ግን ጉብኝቱ ዛሬ በሚካሄድበት ሁኔታ ከትምህርት ይልቅ ለጥንቱ ደጅ ጥናት ይቀርባል ባይ ነኝ። ባላገሩ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፤ በር ላይ ይቆማል፤ ሲፈቀድለት ይገባል፤ ሲነገረው ያዳምጣል፤ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ጠይቆ፣ ተከራክሮ የሚወጣ የለም። ይህን የምጽፈው ባለፈው ሚያዝያ ወር ከዲምቱ ተማሪዎችና መምህራን ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አብሬ ተሰልፌ ያየሁትን ይዤ ነው።

ዲምቱን ለማያውቅ አንባቢ፤ በወላይታ ምሥራቃዊ ቆላ፣ በብላቴ ወንዝ አቅራቢያ ያለች ከተማ ናት። ከሶዶ ወደ ሀዋሳ የሚወስደው መንገድ ያገኛታል። ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ከዚህች ከተማ አርባ ሁለት ልጆችን ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ ወላጅ ዶሮውን ሸጧል፤ ለዘር ካስቀመጠው በቆሎም የቀነሰ አለ። እንግዲህ ጉብኝቱ ዋጋ የተከፈለበት ነው፤ ዋጋ የከፈለ ደግሞ ምን እንደተሰጠው የመጠየቅ መብት አለው።

የመጀመሪያው ቀን የብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ልጆቹ ሌሊቱን ሲያወሩ ያደሩት ስለ ድንቅነሽ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው፤ ከአንድ ግለሰብ አጽም 40 በመቶ ያህሉ የተሰበሰበላት። ፈረንጆቹ «ሉሲ» ያሏት ያን ዕለት ማታ በድንኳናቸው ሰፈር ይሰማ ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ወስደው ነው፤ ድንቅነሽ የሚለው ስም ከዚያኛው ስንት እጥፍ እንደሚልቅ መናገር አያሻም። ልጆቹ በዝምታ ከበቧት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ «እውነተኛው አጥንት ይኼ ነው?» ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ትክክለኛና ትሕትና የተመላበት ነበር፤ አይደለም፣ ይህ ቅጂ ነው፣ ዋናው በካዝና ውስጥ በጥንቃቄ ይጠበቃል።

ጥንቃቄው ተገቢ ነው። እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ያ በካዝና የሚጠበቅ አጥንት በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአሜሪካን አገር በሂዩስተን ከተማ ለሕዝብ ዓይን ቀረበ፤ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ2005 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ካዝናው ተከፈተ፤ አጥንቱ ወደ ቤተ መንግሥት ተወሰደ፤ እንግዳውም በጣታቸው ነኩት። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ድንቅነሽ ከታናሺቱ ከሰላም ጋር፣ ማለትም ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ ካገኛት ከ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ጋር፣ ወደ ፕራግ ተጉዛ በቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለ60 ቀናት ታየች። የፕራግ ልጅ ከቤቱ በትራም ተነሥቶ ዋናውን አጥንት ተመለከተ። የዲምቱ ልጅ የአባቱን በቆሎ አሽጦ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ቅጂውን አየ።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። የሀገር ገጽታ አለ፤ ቱሪዝም አለ፤ የውጭ ምንዛሪ አለ፤ የሳይንስ ወዳጅነት አለ። ሁሉም እውነት ነው። አጥንቱ በብላቴ አቧራ ላይ ይንከራተት የሚል ሰውም የለም። ግን ቅጂውስ? የድንቅነሽ ቅጂ በዓለም ዙሪያ በብዙ ቤተ መዘክሮችና ዩኒቨርሲቲዎች ቆሟል። አሠራሩ ይታወቃል። ለሰው ልጅ ሁሉ እናት ናት ብለን ለባዕድ የምንሰብክላትን አጽም ቅጂዋን በሠረገላ ጭነን ሶዶን፣ ዲምቱን፣ ጂንካን፣ ወልዲያን፣ ጎዴን አንድ አንድ ሳምንት ብናሳያት ምን ይጎድልብናል? ዋናውን እስከ ፕራግ ለማድረስ የተቻለው ሀገር ቅጂውን እስከ ብላቴ ማድረስ ያቅተዋል ብሎ የሚያምን ካለ ይንገረኝ። እኔ እንደሚመስለኝ አቅም አላጣንም፤ የዲምቱ ልጅ ወደኛ ይምጣ እንጂ እኛ ወደሱ እንሂድ የሚል ሐሳብ በማንም ጭንቅላት ሽው ብሎ አያውቅም።

ከዚያው ከድንቅነሽ ክፍል ሳንወጣ አንድ የታሪክ መምህር በጆሮዬ፣ «የዳሞታው የት ይሆን?» አለኝ። የዳሞታው ማለቱ ሞቼና ቦራጎን ነው። ከሶዶ ከተማ ራስጌ በቆመው በዳሞታ ተራራ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ያለ የድንጋይ ጥላ ዋሻ ነው። በዚያ በተካሄደው ቁፋሮ ወደ 50 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ ኑሮ ፍንጭ፣ ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ወጥተዋል። ሊቃውንቱ ስለዚህ ዋሻ የሚጽፉት በዓለም መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከዳሞታ ግርጌ የሚያስተምረው መምህር ግን የዋሻውን ስም ያገኘው በወሬ ነው፤ ድንጋዩን በእጁ ይዞ ለተማሪው «ያንተ ተራራ ሰው ይህን ፈልጦ ሥጋ ይቆርጥበት ነበር» ለማለት አልታደለም። የጉብኝቱ አቅጣጫ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውየውም ድንጋዩን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ቀን ስድስት ኪሎ ነበር፤ ዕዳዬ ያለው እዚህ ነው። በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ተማሪ ሳለሁ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የዋልሁባቸው ቀናት ይበዛሉ። ቤቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ በደም ያበቃው በዚያው ግቢ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ በ1793 እ.ኤ.አ. የነገሥታታቸውን ሉቭር ለሕዝብ ከፈቱ ተብሎ በየመጽሐፉ ይተረካል፤ የኛም ቤተ መንግሥት ተማሪና ቤተ መዘክር የገባበት ታሪክ ከዚያ አያንስም ነበር፤ የሚተርከው ቢኖር። ሙዚየሙ የሕዝቦችን ዕቃ በየብሔረሰቡ ከፋፍሎ እንደ ገበያ መደብ አልደረደረም፤ በሰው ልጅ ዕድሜ ነው ያሰለፈው። ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። የአንዱ ሕዝብ የልጆች ጨዋታ ከሌላው የልጆች ጨዋታ አጠገብ ይገኛል። ተውኔት ማለት ምን እንደሆነ ከመምህሮቼ ይልቅ ይህ አደራደር አስተምሮኛል ብል አላጋነንሁም።

ውጭ ደግሞ ያ ደረጃ አለ። ፋሺስቶቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለቆጠረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያስቀመጡ የገነቡት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ማንም አላፈረሰውም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። በሀገራችን ከቆሙ የመድረክ ዕቃዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ያለ ቃል የሚናገር አላውቅም። ልጆቹን እፊቱ አቁሜ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ዝም አልሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ገብቷቸዋል።

ይሁን እንጂ አርባ ሁለቱ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የቆዩት የት እንደሆነ ልደብቅ አልችልም፤ በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነው። ይህን ስል ልጆቹን አልወቅስም። ከልደት እስከ ሞት በተደረደረው አዳራሽ ውስጥ የራሳቸውን ቤት ዕቃ አዩ፤ የራስን ቤት ዕቃ እንደ ቁም ነገር ማየት ደግሞ የሚያስተምር ሰው ይሻል። የንጉሥ ገንዳ ግን ያለ አስተማሪ ይታያል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን እመጣለሁ። በዚያ ቀን ከገባንባቸው ቤቶች በአንደኛው የሆነውን እናገራለሁ፤ ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና፤ እንደሚታየውም ትልቁ ድርሻ የኛው የጎብኚዎቹ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሸክላዎች ተደርድረዋል። ከላይ የኤሌክትሪክ ብርሃን ወርዶባቸዋል። ሥራቸው ውብ ነው፤ አንገታቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው እንደ ፀነሰች ሴት የሞላ። ጽሑፉ «የሸክላ ዕቃ፤ ደቡብ ኢትዮጵያ» ይላል። አስጎብኚው በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፈው፤ «ይህ ኅብረተሰቡ ለምግብ ማብሰያና ለውሃ መያዣ የሚሠራው ባህላዊ ዕቃ ነው። ወደዚህ ስትመጡ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

በመካከላችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤተሰቧ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ወላይታን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ለማያውቅ ልንገረው። ሸክላ ሠሪዎቹ «ጪናሻ» ይባላሉ፤ ስሙ ሲነገር ሙያ ብቻ አይሰማበትም። ገበሬው በሠሩት ድስት ያበስላል፤ እነሱ ባበሰሉት ግን አይቀርብም ነበር። ጋብቻ የለም። በብዙ ቦታ ነገሩ እየላላ መጥቷል ይባላል፤ መላላቱንም አይቻለሁ፤ አለመፈታቱንም አይቻለሁ። እንግዲህ ያቺ ልጅ መስታወቱን ተጠግታ ቆማ ሳለ አንዱ መምህር፣ በቅን ልቡና፣ ሊያከብራት ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ እናንተ ቤት የሚሠራው አይደለም እንዴ?» አላት።

ልጆቹ ሳቁ። የትናንቱን የደረጃውን ሳቅ የሳቁት እነዚያው ልጆች ናቸው። ልጅቷ ወደ ውጭ ወጥታ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ክፍል አልገባችም።

የዚህን ጽሑፍ ግማሹን የጻፍሁት ለዚያች ቅጽበት ስል ነው። «ኅብረተሰቡ ይሠራዋል» ማለት ምን ማለት ነው? ኅብረተሰቡ ሸክላ አይሠራም። ሸክላ የሚሠሩት እነዚያ ኅብረተሰቡ አብሯቸው ማዕድ የማይቀርብ ሴቶች ናቸው። ጭቃውን የሚቆፍሩት፣ የሚረግጡት፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው እያዞሩ የሚያንጹት፣ በሣር እሳት የሚተኩሱት እነሱ ናቸው። ኅብረተሰቡ የሚሠራው መናቁን ነው። አንድ ቤተ መዘክር ዕቃውን በብርሃን ውስጥ አክብሮ አስቀምጦ እጁን ግን በስም የለሽ ጨለማ ከተወው፣ ሳያውቀው የመንደሩን ንቀት ወደ ዋና ከተማ አዛውሮ ፍሬም አበጅቶለታል ማለት ነው። ሥዕል ሲሆን እንዲህ አይደረግም። ከሥዕል በታች የሠዓሊው ስም አለ። የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ «ኅብረተሰቡ የሣለው» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበት ይህ መጽሔት ዝም ይል ነበር? የዱንጉዛውን ቀይና ጥቁር ጥለት የሸመነው ሰውስ፣ ጋሻውን የለፋው ፋቂስ፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው አንጥረኛስ፣ እንሰቱን የምትፍቀዋ ሴትስ? ስም አልነበራቸውም አይባልም። የጠየቃቸው አልነበረም።

አስጎብኚውን ለመክሰስ የሚቸኩል ይኖራል። እኔ እንኳ እዘንለታለሁ። በሙያዬ ዓይን ሳየው፣ በቀን ስምንት ጊዜ አንድ ዓይነት ቃለ ተውኔት እንዲወጣ የተፈረደበት ተዋናይ ነው፤ አድማጩ ይለዋወጣል፤ ቃሉ አይለወጥም። ለፈረንጁ የሚናገረውን ለዲምቱ ተማሪ ተርጉሞ ይነግረዋል። ለፈረንጅ «ይህ እንሰት ይባላል፤ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ግንዱና ሥሩ ነው» ማለት ተገቢ ነው። እንሰት ጥላ ሥር ለተወለደ ልጅ ይህን ማስረዳት ግን ምን ይባላል? ልጁ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ! አስጎብኚው ባይናገር፣ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ዓይነት እንሰት እንዳለ፣ የቱ ለሕፃን፣ የቱ ለአራስ እንደሚሰጥ ይነግረው ነበር። ያ አዳራሽ በዚያች ደቂቃ አንድ እውቀት አመለጠው፤ አመለጠኝ ብሎም አላወቀም።

ከሁሉ የሚከብደውን አሁን ላንሣ። ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ልጆቹ በታላቅ ደስታ ጎብኝተዋል፤ እኔም ኮርቻለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቀን ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ስንመለስ ግን በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ካዎ ጦና የተማረከው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በ1887 ነው አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ከዓድዋ በፊት ነዋ» አለ። አዎን፣ ከዓድዋ በፊት፣ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር። የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ጦና በምኒልክ ጦር ተሸንፎ፣ ቆስሎ ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ የተወሰደበት ዘመቻ ብዙ ሕይወት ያለፈበት፣ ብዙ ከብትና ብዙ ሰው የተነዳበት ነበር። አብሮ የዘመተ ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ያየውን ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ልጁ ከዚህ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ገመትሁ፤ ለዚያ ጥያቄም የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። የመንገዱን መብራት አሳየሁት። ተውኔት ጸሐፊ ነኝ ባዩ እኔ!

ያን ልጅ የሚያስፈልገው ከሁለቱ ዓመታት አንዱን የሚነጥቀው ሰው አይደለም። 1888ን አምጣ 1887ን ተው የሚለውም፣ 1887ን አምጣ 1888ን ተው የሚለውም፣ ሁለቱም ልጁን ግማሽ ሰው ያደርጉታል። ሁለቱን በአንድ እስትንፋስ መናገር የሚችል አስጎብኚ፣ ሁለቱን በአንድ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ቤተ መዘክር፣ ሁለቱን በአንድ መድረክ ላይ የሚያቆም ተውኔት ነው የሚያስፈልገው። ካድሬዎች ይህን ሲያነቡ ቅንድባቸውን እንደሚሰበስቡ አውቃለሁ። «ቁስል መነካካት ነው» ይላሉ። ልጁ ግን ቀኖቹን ደምሮ ቀንሶ ደርሶበታል። እኛ ካልነገርነው የሚነግረው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሚነግረው ባለፉት ዓመታት ሁላችንም አይተናል።

እስቲ ደግሞ ለሌላው ዓለም የምንናገረውን እናስታውስ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከተያዘች በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የቤቱ ሠራተኞች እንኳ እንዲያዩአቸው አይፈቀድም። ይመለሱልን እንላለን፤ ልክ ነን። በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተወስዶ ሮማ ላይ የቆመው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ሲተከል የሞገትነው በምን ነበር? ቅርስ ትርጉሙን የሚያገኘው ከሠራው ሕዝብ ዘንድ ነው ብለን አይደለም? ለንደን ሲመልስልን፣ «እናንተ ዘንድ በቂ ክፍል የለም፤ በቂ ባለሙያ የለም፤ እዚህ ብዙ ሰው ያየዋል» ሲል እንቆጣለን። ይኸው ቃል በቃል የተገለበጠ መልስ ከአዲስ አበባ ለዲምቱ ሲሰጥ ግን «አስተዳደራዊ ማብራሪያ» እንለዋለን።

ሁሉም ዕቃ ወደ መጣበት ይበተን ማለቴ አይደለም። ከሐውልቲ የመጣችው የተቀመጠች ሴት ሐውልት በዋና ከተማው መታየቷ ለወላይታውም ለሶማሌውም ይጠቅመዋል። ሀገር የጋራ አዳራሽ ያስፈልጋታል። የምቃወመው የጋራው አዳራሽ ብቸኛው አዳራሽ መሆኑን፣ ከዚያ የሚወጣው ቃልም ብቸኛው ቃል መሆኑን ነው።

«በጀት የለም» ለሚሉም ሐረርን አሳያቸዋለሁ። አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማውን ቅርስ ከገዛ ቤታቸው ጀምረው፣ በገዛ ገንዘባቸው፣ ቁራጭ በቁራጭ እየሰበሰቡ ሙዚየም አቁመዋል፤ የቆዩ የብራና መጻሕፍት ሲጠገኑና የጥንት ድምፆች ሲጠበቁ የቆዩት በዚያ ነው። ኮንሶ ከሌቦች እጅ የተረፉ ዋካዎቹን የሚያስቀምጥበት ቤት በአገሩ አለው። ጂንካም በኮረብታዋ ላይ ቤተ መዘክር አላት። ከነዚህ አንዱም የተጀመረው ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ ተጠብቆ አይደለም።

ስለሆነም መምህራንን የምለው ይህ ነው፤ ልጆቹን ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ወር ሙሉ የራሳቸውን ቤት ያስጎብኙ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዕቃ መርጦ ማን እንደሠራው፣ በስንት እንደተገዛ፣ መቼ እንደተሰበረና በምን እንደተጠገነ ይጻፍ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ባለሥልጣኖቹን የምለው፣ የዕቃው ጽሑፍ የሠሪውን ስም፣ ስሙ ካልታወቀ ሙያውንና መንደሩን ይያዝ፤ ዕቃው በመጣበት ቋንቋ የሚጠራበት ስምም ይታከልበት። ወላይትኛ በፊደል ተጽፎ ሲታይ የመስታወቱን ብርሃን አያደበዝዝም።

እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችስ? ስለ ሌላው ስጽፍ ብዕሬ አልሰነፈም፤ ስለ ራሴም አይስነፍ። ለመድረክ የጻፍኋቸው ተውኔቶች በነገሥታትና በጦር አለቆች የተሞሉ ናቸው። በአንዱ ላይ ሸክላ ሠሪ ሴት አለች፤ ሁለት ጊዜ ትገባለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ አቅርባ ትወጣለች። ስም አልሰጠኋትም። በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ «አንዲት ሴት» ነው የምትባለው። እንግዲህ «የሸክላ ዕቃ፤ ደቡብ ኢትዮጵያ» ብሎ የጻፈውን ሰው ለመውቀስ ምን አፍ አለኝ?

ከጉዞው መልስ የዲምቱ መምህራን ሥራ ጀምረዋል። የአሮጌ መጻሕፍት ማከማቻ የነበረ አንድ ክፍል ተጠርጓል። መደርደሪያው ከተሰበሩ ዴስኮች የተሠራ ነው። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ዕቃዎች ገብተዋል፤ የእንሰት መፋቂያ፣ የከብት ቀንድ ዋንጫ፣ አንድ የተበላ ማረሻ፣ ሁለት ዱንጉዛ፣ ከዳሞታ ግርጌ የተለቀመ ባልጩት፤ የቀሩትም ይህን የመሳሰሉ። በየዕቃው ሥር የሠሪው ስም በወላይትኛና በአማርኛ ተጽፏል።

ያቺ ልጅ ያልገባችበት ክፍል ጉዳይ አላስተኛ ያለው ያው መምህር ወደ ልጅቷ አያት ሄዶ አንድ ሸክላ ለመነ። ሽማግሊቱ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ትገዙታላችሁ ወይስ ትወስዱታላችሁ?» ብለው ነው። በገበያ ዋጋ ተገዛ። ስምዎ ይጻፍ ወይ ሲባሉ፣ «ጻፉ እንጂ፤ ሌላ ማን ሠራው?» አሉ። መምህሩ ደስ ብሎት ተመልሶ ለልጅቷ ነገራት። እሷ ግን ስሙ እንዳይጻፍ ለመነችው፤ ክፍሉ በትምህርት ቤቷ ውስጥ ነው፤ በየቀኑ በበሩ የምታልፈውም እሷ ናት። ሸክላው አሁን በመደርደሪያው ላይ አለ። ከሥሩ ያለው ወረቀት ባዶ ነው፤ መምህራኑም ምን እንደሚያደርጉ ገና አልወሰኑም።